ማን ያርማል? የርቀት ትምህርት ታሪክ ከአንድ ፔኒ ቴምብር እስከ ኢንተርኔት

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሳችን ለጎልማሶች በኢንተርኔት አማካይነት የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት ነው። እኔ የታሪክ ሰው እንደመሆኔ ነገሩን ከኋላ መጀመርን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየኋቸው በስተቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በጃንዋሪ 1971 በብሪታንያ አንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ስሙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ሐሳቡ መጀመሪያ ሲጠነሰስ ግን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስተምራል ተብሎ ስለታቀደ «የአየር ዩኒቨርሲቲ» የሚል መጠሪያ ነበረው። ትምህርቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 20፣ የአገሪቱ የፖስታ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ አድማውም ሰባት ሳምንት ያህል ቆየ። ቢቢሲ ሥርጭቱን አላቋረጠም፤ ፕሮግራሞቹ በየቀጠሯቸው ይተላለፉ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ተጨነቀ። የታተመውን ትምህርት ለተማሪው የሚያደርስ፣ ተማሪው ሠርቶ ያጠናቀቀውን መልመጃ ወደ መምህሩ የሚመልስ መንገድ ተዘግቷልና። ጥቅሎቹን በሌላ ዘዴ ለማድረስ መሯሯጥ ግድ ሆነ።

ይህ አድማ በተቋሙ ታሪክ ውስጥ እንደ አንድ ትንሽ ገጠመኝ ተጠቅሶ የሚታለፍ ነው። እኔ ግን ከብዙ የፖሊሲ ሰነድ ይልቅ የሚያስረዳ ክስተት ይመስለኛል። ያ ተቋም ስሙ አየር ላይ ቢሆንም እግሩ የቆመው ፖስታ ቤት ነበር። ፖስታውም ቢሆን የሚፈለገው ለመላክ ብቻ አልነበረም፤ የመልሱም መንገድ የዚያኑ ያህል ያስፈልግ ነበር።

የርቀት ትምህርት ታሪክ በአብዛኛው የማጓጓዣዎች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል፤ መጀመሪያ ፖስታ፣ ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ በመጨረሻም ኢንተርኔት እየተባለ። እኔ ዛሬ የምከተለው ሌላ ክር ነው። በሌላው ጫፍ ተቀምጦ፣ ተማሪው የሠራውን አንብቦ፣ ስሕተቱን አመልክቶ የሚመልሰውን ሰው ታሪክ ነው የምከተለው። አዲስ ማጓጓዣ በመጣ ቁጥር፣ በግልጽ ይነገርም አይነገር፣ አብሮ የሚመጣ አንድ ተስፋ አለና፤ ይኸውም ያለዚህ ሰው መሥራት ይቻላል የሚል ነው።

እስቲ ወደ ጅማሬው እንመለስ። በ1728 ቦስተን ጋዜት በተባለው ጋዜጣ ላይ ካሌብ ፊሊፕስ የተባለ የአጭር ጽሕፈት መምህር፣ በየሳምንቱ ትምህርት በጽሑፍ እየላከ ማስተማር እንደሚችል የሚገልጽ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ተማሪው መልሶ ስለሚልከው ነገር ግን ማስታወቂያው የሚለው የለም። በዚህ ምክንያት ብዙ የዘርፉ ታሪክ ጸሐፊዎች የርቀት ትምህርትን መነሻ የሚቆጥሩት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከመጣው ከእንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፊሊፕስ የሸጠው ጽሑፍ ነው፤ ፒትማን የጀመረው ምልልስ ነው።

ፒትማንን የረዳው የፖስታ ማሻሻያ ነበር። ከ1840 በፊት በብሪታንያ የደብዳቤ ዋጋ የሚተመነው በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነበር። በዚያ ዓመት በሮላንድ ሂል ሐሳብ መነሻነት ደብዳቤ በአገሪቱ ውስጥ የትም ቢላክ በአንድ ፔኒ፣ ያውም ላኪው አስቀድሞ ከፍሎ፣ እንዲሄድ ተደነገገ። በባዝ ከተማ ይኖር የነበረው ፒትማን ራሱ የፈጠረውን አጭር ጽሕፈት በትንንሽ ካርዶች እያሳተመ ይልክ ጀመር፤ ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን በአጭር ጽሕፈት ገልብጠው ይመልሱለታል፤ እርሱም አርሞ መልሶ ይልክላቸዋል። ተማሪው ሲበዛ አንድ ሰው አልበቃ አለ። ስለዚህ በ1843 የእርማቱን ሥራ በነፃ የሚያከናውን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተቋቋመ። እንግዲህ የዘርፉ የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከማጓጓዣው አልነበረም። ፔኒ ቴምብሩ የተማሪውን ቁጥር በቀላሉ አበዛው፤ የአራሚውን ቁጥር ግን ሊያበዛ አልቻለም።

በዚህ ረገድ የአገራችን የቅኔ ቤት ልማድ ነገሩን ለማስተዋል ይረዳል። ተማሪው ቅኔውን ለብቻው፣ ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል። የቆጠረውን ግን ለመምህሩ መንገር አለበት፤ መምህሩም ሰምተው፣ ያጎደለውን ሞልተው፣ ያጣመመውን አቅንተው ይመልሱታል። ቆጠራው ያለ ነገራው ትምህርት አይባልም። ዕድሜም በዚያ ቤት መለያ አይደለም፤ ጎልማሳ ተማሪ ከወጣቱ ጎን ይቀመጣል። «የጎልማሶች ትምህርት» የሚለው ስያሜ ራሱ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነው ብል ብዙ የሳትሁ አይመስለኝም።

በ1858 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተናዎቹን የትም ሆኖ ላጠና ሰው ክፍት ማድረጉ ትልቅ ምዕራፍ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ግን ፈተና እንጂ ትምህርት አልነበረም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ አልቆይም።

የበለጠ ልቆይበት የምፈልገው የአሜሪካው የንግድ ትምህርት ቤት ነው። በ1891 በፔንሲልቬንያ ግዛት በስክራንተን ከተማ ቶማስ ፎስተር የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ ለድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች በፖስታ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ዓላማው የሚያስመሰግን ነበር። በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አደጋ ይበዛ ስለነበር ሕጉ ፎርማን ለመሆን ፈተና ማለፍን ይጠይቃል፤ ሠራተኛው ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ጊዜ የለውም። ከዚህ የተነሣው ኢንተርናሽናል ኮረስፖንደንስ ስኩልስ የተባለው ድርጅት በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ተማሪዎችን መዘገበ፤ ተፎካካሪዎችም ተከተሉት።

ዘርፉ ሲያድግ ግን ሒሳቡ ተገለበጠ። ትምህርት ቤቶቹ ሻጮችን አሠማርተው ይመዘግባሉ፤ ክፍያው በአብዛኛው አስቀድሞ ይፈጸማል ወይም በውል ይታሰራል። የታተመው ትምህርት አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ለአንድ ተጨማሪ ተማሪ የሚወጣው ወጪ ጥቂት ነው። ዋናው ወጪ የሚመጣው ተማሪው መልመጃውን ሠርቶ ሲልክ ነው፤ ያን ጊዜ አንባቢ ያስፈልጋልና። ተማሪው ካልላከ ወጪ የለም። ስለዚህ በትጋት የሚማር ተማሪ ለድርጅቱ ወጪ ሲሆን፣ ከፍሎ የሚጠፋው ትርፍ ሆነ። ካናዳ ያስተምሩ የነበሩት የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኖብል በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ኢንተርኔት ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲጀምር፣ ይህን ታሪክ ቀስቅሰው ጽፈውበታል። በንግዱ ዓለም ይህ ገቢ «የአቋራጮች ገንዘብ» ይባል እንደነበር ያስታወሱት እርሳቸው ናቸው። በ1926 ጆን ኖፍሲንገር በ75 የፖስታ ትምህርት ቤቶች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ ከተመዘገቡት ተማሪዎች የጀመሩትን የጨረሱት ከመቶ 3 እንደማይሞሉ አሳይቷል። ይህን ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በዚህ ጥላ ሥር ነው። በ1960ዎቹ በፖስታ መማር በብዙዎች ዘንድ የአታላዮች ገበያ ተደርጎ ይታይ ነበር። የሌበር ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን በሴፕቴምበር 1963 በግላስጎው ባደረጉት ንግግር ሐሳቡን ሲያቀርቡ ክብደት የሰጡት ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ነበር፤ ዘመኑ የቴክኖሎጂ ዘመን ነው፣ አዲስ ነገር ያስፈልጋል በሚል መንፈስ። በዚያው ዓመት ማይክል ያንግ የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ በካምብሪጅ አንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ አቋቁመው በትንሹ ሲሞክሩት ነበር። ዊልሰን ሥልጣን ከያዙ በኋላ ጉዳዩ ለጄኒ ሊ ተሰጠ። ሊ የስኮትላንድ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በ1966 የወጣው የመንግሥት ሰነድ እንኳ ርእሱ «የአየር ዩኒቨርሲቲ» ነበር። ሊ ግን በአንድ ነገር አልተደራደሩም፤ ተቋሙ እውነተኛ ዲግሪ የሚሰጥ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ አይቋቋም አሉ። ለድሆች ተብሎ የሚዘጋጅ ሁለተኛ ደረጃ ነገር አልፈለጉም።

ተቃዋሚ አልጠፋም። ከወግ አጥባቂው ፓርቲ ኢየን ማክሊዮድ ነገሩን ከንቱ ቅዠት አድርገው ተናግረውበታል። በ1969 የንጉሣዊ ቻርተሩ ተሰጠ፤ በ1970 ምርጫ ሌበር ተሸነፈ፤ ማክሊዮድ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በተሾሙ በአንድ ወር ገደማ አረፉ። አዲሷ የትምህርት ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ነበሩ። እርሳቸው ተቋሙን አላጠፉትም፤ የአንድን ተመራቂ ወጪ አስልተው ርካሽ ሆኖ ስላገኙት ነው ይባላል። ታሪክ አንዳንዴ በእንዲህ ዓይነቱ ሒሳብ ላይ ይንጠለጠላል።

የመጀመሪያው ምክትል ቻንስለር ዋልተር ፔሪ የሕክምና ሳይንስ ሰው ነበሩ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ሲቀርጹት ቴሌቪዥኑ እየተገፋ ወደ ጎን ሄደ። የቢቢሲ ሥርጭት ከተማሪው የጥናት ሰዓት ትንሹን ድርሻ ብቻ ያዘ። ዋናው ነገር በቡድን ተጽፎ የታተመው መማሪያ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ፣ ዛሬ ላተኩርበት የምፈልገው፣ በመምህር የሚታረመው የጽሑፍ ሥራ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ አስጠኚ ይመደባል፤ አስጠኚው ሀያ ገደማ ተማሪ ይይዛል። አስጠኚዎቹ አብዛኞቹ በሌላ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ ለዚህ ሥራ በትርፍ ሰዓት የተቀጠሩ ነበሩ። ተማሪው በተወሰነለት ቀን የጻፈውን ይልካል፤ አስጠኚው ነጥብ ብቻ ሰጥቶ አይመልስም፤ በኅዳጉ ላይ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ሰፋ ያለ አስተያየት ያክላል። ከታረሙት ጽሑፎች ደግሞ ናሙና ተወስዶ፣ እርማቱ ራሱ ፍትሐዊና አስተማሪ መሆኑ በሌላ ሰው ይመረመራል። አራሚውም ይታረማል ማለት ነው። በዚህ ላይ በየክፍለ ሀገሩ የጥናት ማእከላት ነበሩ፤ በበጋ ደግሞ ተማሪው ለአንድ ሳምንት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ የሚማርበት መርሐ ግብር ነበር። የእኛ አገር የክረምት ትምህርት የተከታተለ መምህር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በመጀመሪያው ዓመት 24,000 ያህል ተማሪዎች ገቡ። የመግቢያ ውጤት አልተጠየቀም። እዚህ ላይ ግን እውነቱን መናገር ያሻል። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትልቁን ክፍል የያዙት የፋብሪካ ሠራተኞች አልነበሩም፤ መምህራን ነበሩ። በዲፕሎማ ያስተምሩ የነበሩ፣ ዲግሪ ቢይዙ ደመወዛቸው የሚያድግ መምህራን። ጄኒ ሊ ያለሙላት የማዕድን ሠራተኛ ልጅ በኋላ በኋላ መጣች እንጂ በመጀመሪያው ሰልፍ ብዙም አልታየችም። ይህን የማነሣው ተቋሙን ለመንቀፍ አይደለም። በር መክፈትና ሰው በዚያ በር መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደግሞም ተከታታይ ትምህርትን ቀድሞ የሚሻማው ምን ጊዜም ትምህርት የቀመሰው ነው።

ከዚህ ተቋም ጋር እኛም የምንገናኝበት ቦታ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትጥቅ ትግል አልፈው ሥልጣን የያዙት ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣናት፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲን አቋርጠው የወጡ ጎልማሶች፣ በኦፕን ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት በርቀት ተከታትለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የገቡት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ1995 ከዚያ ተቋም የማስተርስ ዲግሪ አግኝተዋል። አንድ የመንግሥት መሪ በሥልጣን ላይ ሆኖ በየቀጠሮው የጽሑፍ ሥራ እየላከ፣ እየታረመለት ተማረ ማለት ነው። ስለ ፖለቲካቸው ያለን አመለካከት ምንም ይሁን ምን፣ ለጎልማሶች ትምህርት ታሪክ ይህ ሊመዘገብ የሚገባው ነው።

በአገር ውስጥስ? ከ1940ዎቹ ጀምሮ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የመሰሉ የማታ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም «ኤክስቴንሽን» እያልን የምንጠራውን የማታ መርሐ ግብር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አካሂዷል። ስንት ጸሐፊ፣ ስንት ሒሳብ ሹም፣ ስንት የባንክ ሠራተኛ ከሥራ በኋላ ወደ ክፍል እየገባ ዲግሪውን ይዟል! ይህ ግን ከተማ ለሚኖር ሰው ነው። ወረዳ ላይ ለሚያስተምረው መምህርና ለጤና ጣቢያዋ ነርስ በሩ የተከፈተው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ የግል ኮሌጆችና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የርቀት ትምህርትን ሲያስፋፉ ነው። «ሞጁል» የሚለው ቃል በየገጠር ከተማው የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርት እንዲቆም ወሰነ። ምክንያቱ የጥራት ጉዳይ ነበር። ከተቋማቱ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ እገዳውን አላላው። መሪው ራሳቸው በርቀት ተምረው የተመረቁበት መንግሥት ይህን መወሰኑ ምፀት ያለበት ነው፤ ብዙ ሰውም በጊዜው አስተውሎታል። ለእኔ ግን ከምፀቱ የሚበልጠው የምርመራው አቅጣጫ ነው። የታገደው ርቀቱ ነበር። ሊጠየቅ ይገባ የነበረው፣ በእኔ እምነት፣ ሌላ ነው። ይህ ተቋም ስንት አራሚ አለው? አንድ አራሚ ስንት ተማሪ ይይዛል? አሳይንመንቱ ተነብቦ ነው ወይስ ተቆጥሮ ነው የሚመለሰው? በየኮሌጁ ደጃፍ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ተሠርቶ ያለቀ አሳይንመንት እንደሚሸጥ በዚህ አዳራሽ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ያ ገበያ የቆመው በተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። ሥራውን የሚያነብ እንደሌለ ተማሪው ስላወቀ ነው። ለማያነብ ሰው ማን ደክሞ ይጽፋል?

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ ዘመን ልግባ። በ2008 በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ አንድ ኮርስ ለማንኛውም ሰው በነፃ ከፈቱ፤ ከፍለው ከሚማሩት 25 ያህል ተማሪዎች ሌላ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተቀላቀሉ። ለዚህ ዓይነቱ ግዙፍና ክፍት ኮርስ «ሙክ» የሚለው ስም የወጣው ያን ጊዜ ነው። ዓለምን ያናወጠው ግን የ2011ዱ የስታንፎርድ ኮርስ ነው። ሴባስቲያን ትሩንና ፒተር ኖርቪግ የሰጡትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ 160,000 ያህል ሰዎች ተመዘገቡበት፤ የጨረሱት ከ20,000 በላይ ነበሩ። በ2012 ዩዳሲቲ፣ ኮርሴራና ኢዲኤክስ በአንድ ዓመት ተፈጠሩ። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር በቅርቡ ያበቃለታል የሚል ትንቢት በየጋዜጣው ይጻፍ ነበር። የዊልሰንን የ1963 ንግግር ያነበበ ሰው ዜማውን አይስተውም፤ የዚያን ጊዜ ሞገድ የነበረው አሁን መረብ ሆኗል።

በ2013 መጀመሪያ ዩዳሲቲ በካሊፎርኒያ ከሳን ሆሴ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ለእውነተኛ ክሬዲት ሙከራ አደረገ። ከተማሪዎቹ መካከል ቤታቸው ኮምፒውተር እንኳ የሌላቸው ነበሩ። ያለፉት ተማሪዎች ድርሻ በመደበኛው ክፍል ካለው በጣም አነሰ፤ በጁላይም ሙከራው እንዲቆም ተደረገ። በበጋው ዙር ውጤቱ እንደተሻሻለ መናገር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዙር ከገቡት ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ዲግሪ የያዙ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ትሩን ራሳቸው ያቀረቡት ነገር ጥሩ እንዳልሆነ ለአንድ መጽሔት በግልጽ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ግልጽነት በዘርፉ ብርቅ ነው።

በ2019 ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬስ-ቫሊየንቴ በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የሃርቫርድንና የኤምአይቲን የኢዲኤክስ ኮርሶች መረጃ መረመሩ። በ2017-18 የትምህርት ዓመት ከተመዘገቡት መካከል ኮርሱን የጨረሱት ከመቶ 3 ጥቂት ፈቀቅ ያሉ ነበሩ። ያስያዝኋችሁን የ1926 ቁጥር አሁን አስታውሱ። በሁለቱ መካከል ዘጠና ዓመት ያህል አለ፤ ፖስታ ቤቱ በኮምፒውተር ተተክቷል፤ ቁጥሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። በእርግጥ ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይሻል። ሙክን በነፃ የሚመዘገብ ሰው ብዙ ጊዜ ለማየት ያህል ነው የሚገባው፤ የ1926ቱ ሰው ግን ገንዘቡን ከፍሏል። ያው ጥናት ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ከከፈሉት ግማሽ ያህሉ እንደጨረሱ ያሳያል። ቢሆንም ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አሠራር አንድ ነው። ትምህርቱ ይላካል፤ ተማሪው የሠራውን ግን ሰው አያነበውም፤ ማሽን ነጥብ ይቆጥርለታል፣ ወይም እንደ እርሱ ያለ ጀማሪ ተማሪ ያየዋል።

ይህን ስል ኢንተርኔት ለጎልማሶች ትምህርት አይበጅም ማለቴ አይደለም። በጃንዋሪ 2014 ጆርጂያ ቴክ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ዲግሪ በኢንተርኔት፣ 7,000 ዶላር ገደማ በሆነ ጠቅላላ ክፍያ መስጠት ጀመረ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሥራ ላይ ያሉ ጎልማሶች ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ10,000 አልፏል፤ በሺህ የሚቆጠሩም ተመርቀዋል። ቴክኖሎጂው ከሙኮቹ የተለየ አልነበረም። የተለየው ፕሮግራሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ረዳት መምህራንን ቀጥሮ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹን ከራሱ ተመራቂዎች መልምሎ፣ የተማሪውን ሥራ ማስነበቡ ነው። በ2016 ፕሮፌሰር አሾክ ጎኤል በኮርሳቸው የመወያያ መድረክ ላይ ጥያቄ የሚመልስ ማሽን አስገብተው ተማሪዎቹ ሰው መስሏቸው እንደነበር በሰፊው ተወርቷል። ብዙም ያልተወራው ማሽኑ ይመልስ የነበረው ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ነው፤ ሥራው መቼ ነው የሚገባው፣ በምን ዓይነት ፋይል ነው የሚላከው የሚሉ የዘወትር ጥያቄዎችን ነበር። የሰውን ጊዜ ለእርማት የሚያተርፍ መሣሪያ እንጂ እርማቱን የሚተካ አልነበረም። ዛሬ ከዚያ እጅግ የበረቱ ማሽኖች መጥተዋል። ድርሰት ያነባሉ፤ አስተያየትም ይጽፋሉ። ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ የምጠይቀው ጥያቄ፣ ተማሪው ማሽን እንደሚያነበው እያወቀ፣ እርሱም በማሽን ማስጻፍ እየቻለ፣ ከሁለቱ ማን ይማራል የሚል ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ገበያ መልኩን ቀይሮ እንዳይመጣ እሠጋለሁ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲዘጉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢንተርኔት እንዲቀጥል ተደርጓል። በዚያ ወቅት የሆነው በአብዛኛው የፓወር ፖይንትና የፒዲኤፍ መላላክ ነበር፤ ቴሌግራም ላይ ፋይል መጣል። እንደ አደጋ ጊዜ ሥራ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አደጋው ካለፈ በኋላም ያንኑ «ኦንላይን ትምህርት» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ዛሬ ፋኩልቲዎች ለሥራ ላይ ላሉ ጎልማሶች አጫጭርና ረጃጅም ኮርሶችን በኢንተርኔት ለመክፈት ዕቅድ ሲያዘጋጁ፣ በጀቱ የሚዘረዝረው ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩን፣ ስቱዲዮውን፣ ካሜራውንና የመድረኩን የፈቃድ ክፍያ ነው። የእርማት ክፍያ የሚል መደብ ካለ መጨረሻ ላይ፣ በጣም ትንሽ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም «በመደበኛ ሥራ ላይ የሚሸፈን» ተብሎ ይታለፋል። የመቶ ሀያ ተማሪ ጽሑፍ በመደበኛ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚሸፈን በዚህ ክፍል ያላችሁ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

የማጓጓዣውም ነገር ገና አልተፈታም። ከ2023 አጋማሽ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ በፊት በትግራይ ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። ለኦፕን ዩኒቨርሲቲ የ1971ዱ አድማ ሰባት ሳምንት ነበር፤ ያም ተቋሙን ከሥሩ አናግቶታል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ከፍተን መንገዱ ሲዘጋ፣ ደብረ ታቦር ያለ ተማሪ ሥራውን በምን ይልካል? የጥናት ማእከል፣ የታተመ ሞጁል፣ የክረምት መርሐ ግብር የሚባሉት ነገሮች ያረጁ መስለው ከታዩ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋቸው ይታወቃል።

ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ራሱ ከፈተና አላመለጠም። የሌሊቱ የቢቢሲ ሥርጭት በዲሴምበር 2006 አበቃ፤ ማንም ብዙ አላዘነም። በ2012 በእንግሊዝ የትምህርት ክፍያ ሲንር በትርፍ ጊዜያቸው የሚማሩ ጎልማሶች ቁጥር በእጅጉ ወረደ። በ2015 ተቋሙ በእንግሊዝ ካሉት ዘጠኝ የክልል ማእከላት ሰባቱን ለመዝጋት ወሰነ። በ2018 በወቅቱ የነበሩት ምክትል ቻንስለር ተቋሙን የበለጠ ዲጂታል ለማድረግ ከፍተኛ የወጪ ቅነሳ አቀዱ፤ መምህራኑ የመተማመን ድምፅ ነፈጓቸው፤ ሥራቸውንም ለቀቁ። የሞገዱ መቋረጥ ያላስነሣውን ቁጣ የመምህሩ መነካት አስነሣው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው አንድ ነገር በዜና ብዙም አልተሰማም። በ1971 በትርፍ ሰዓት፣ በየኮርሱ ውል የተቀጠሩት አስጠኚዎች ወራሾች፣ ከ4,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች፣ በ2022 ወደ ቋሚ ቅጥር እንዲዛወሩ ተደረገ። ማኅበራቸው ለዓመታት ሲደራደርበት የቆየ ጉዳይ ነው። ተቋሙ ማረም ከጀመረ 51 ዓመት ሆኖት ነበር።